ፊት ለፊት የመራሁ ዕለት

ሞጣ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

ቢቸና ላለችው እናቴ፣

እማዬ፣ ከተለያየን ገና አምስት ቀናችን ቢሆንም ጤናሽን ሳልጠይቅ ወሬ ብጀምር ደብዳቤውን አጥፈሽ እንደምታስቀምጪው ስለማውቅ ከዚያው ልነሣ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሃያ አራት ሰው ስታስተናግጂ ከዋልሽ በኋላ ያ ቀኝ ጉልበትሽ አልተቀየመሽም? አክስቴ ወለተ ሐናስ እንዴት ናት? ክላሪኔት ተጫዋቻችን እስከ ዛሬ የሷን ዶሮ ወጥ እያነሣ የሞጣን ሰው ማስቀየም ጀምሯል በይልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ ዝሏል፣ ድምፄ ተዘግቷል፣ አፍንጫዬን ፀሐይ ልጦታል፤ ከዚያ ውጭ እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ዳዊት ደጋሚ በመሆንሽ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው፤ ለአክስቴም ቢሆን መርጠሽ አንብቢላት። ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ስትደርሺ ትረጂዋለሽ። ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ ደግሞ አደራ፤ ጠባይሽን አውቃለሁ።

የቢቸናውን ውርደቴን በዓይንሽ አይተሽዋል፤ በዚያን ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ግን አልነገርኩሽም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቶ፣ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ጥቁሩን ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። እጅ ነሣሁ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ አራት ዓመት ቪየና እንደተማርኩት ፊቴን ወደ ተጫዋቾቼ አዞርኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ማጉረምረም ተነሣ። እጄ ጀምሯልና ማቆም አልችልም፤ ጆሮዬ ግን ያለው ከኋላዬ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ «ይኸ የማን ልጅ ነው፣ አስጠርቶ ጀርባውን የሚሰጠን?» ሲሉ ሰማሁ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ አልቆ ዞር ስል ከፊት የቀረው የወረዳው ጸሐፊ ብቻ ነበር፤ እሱም የቀረው ለሹመቱ ሲል ይመስለኛል።

ፈረንጅ አገር መሪ ፊቱ ወደ ኦርኬስትራው ነው፤ ሕዝቡ የሚያየው ጀርባውን ነው። ማንም በዚህ ቅር ሲለው አላየሁም። እኔም የቢቸና ልጅ መሆኔን ረስቼ ኖሯል። በምሳ ሰዓት ያልሽኝን ግን አልረሳሁትም። «አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሩህ ለታላላቆችህ ጀርባ መስጠት ነው?» አልሽኝ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቺ አልሳቅሽም። ቆየት ብለሽ ደግሞ፣ «እኔስ ብሆን ከጀርባህ ምን ልይ? ልጄ ይሳቅ ያልቅስ በምን ልወቅ?» አልሽ። ይቺኛዋ ቃል ሞጣ ድረስ አብራኝ መጣች፤ ምን እንደሠራች እነግርሻለሁ።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አብረሽኝ ሞጣ ነይ ብዬ ስለምንሽ የመለስሽልኝም አብሮኝ መጣ። «ሦስት ጊዜ ጠርቻቸው ዘወር ብለው ካላዩኝ ሰው ደጅ አልሄድም» አልሽ። ያን ቀን አሥር ጊዜ ነግረሽኛል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ባልሽ የኔታ ከደጃችሁ ዋንዛ ሥር መጽሐፍ ዘርግተው ተቀምጠው፣ ምሳ ቀርቧል ብለሽ ከደጃፉ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠርተሻቸው እንደ ግንድ ዝም ሲሉሽ፣ ነጠላሽን አንሥተሽ ቢቸና ወደ እኅትሽ ቤት ገባሽ። መጀመሪያ የኔን ነገር ስታነሺ ነበር ዝም የሚሉሽ፤ ኋላ ኋላ ስለ ጨውም ስለ ውሃም ዝም አሉሽ።

ስለዚህ እማዬ፣ አባይን ተሻግሬ፣ ደጀን ላይ ትልቁን ከበሮ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በገመድ አስሬ ስመጣ፣ ሰው የሚያየው ኮትና ክራባት ነበር። ውስጤ የነበረው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ የኔታ ልጄ ብለው እንዲጠሩኝ፤ ሁለተኛው፣ በኔ ምክንያት የፈረሰው ቤት እንዲቆም። የፈረሰው በኔ ነው ብዬ አምን ነበር። አንቺም እንደዚያ ታምኚ ነበር፤ ከአፍሽ ግን አውጥተሽው አታውቂም፤ እግዜር ይስጥሽ።

እሳቸውን በሕይወቴ አባባ ብያቸው አላውቅም። እንደ ተማሪው ሁሉ የኔታ ነበር የምላቸው፤ እንደ ተማሪው ሁሉ ቃል በቃል እያስደገሙ ያስቀጽሉኝ ነበር፣ እንደ ተማሪው ሁሉ ስሳሳት ይገርፉኝ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አዲስ አበባ ሄጄ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ክላሪኔት መንፋቴን አንድ ነጋዴ መጥቶ ሲነግራቸው፣ «እኔ አዝማሪ አልወለድኩም» ያሉትን አገር ሰምቶታል። የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነ ማለት ሞጣ ላይ ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም፤ ከውሃ ወራጅ ሴቶች ጋር ስለኔ ስትጣዪ የኖርሽ አንቺ ነሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤዬን አልመለሱም።

ከቪየና ጽፌልሽ ያልደረሰሽ አንድ ነገር አለ፤ አሁን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ከቪየና በባቡር የሁለት ሰዓት መንገድ ባላት ትንሽ ከተማ፣ በኦፔራ ቤት የዋናው መሪ ረዳት ነበርኩ። ኦፔራ ማለት ተረቱን በንግግር ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚጫወቱት ቲያትር ነው። መሪውን በመክፈቻው ቀን ትኩሳት ጣለው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ነው፤ ነጮቹ ይሰረዝ አይሰረዝ እያሉ ሲጨነቁ እኔ ኖታውን ዘግቼ ገባሁ። ድጓን በቃሉ የተማረ ሰው ይህን በቃሉ መያዝ አያቅተውም፤ ይህን የኔታ ናቸው ያስተማሩኝ። ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡ አላልቅ ብሎ ሰባት ጊዜ ወጥቼ እጅ ነሣሁ። በማግሥቱ ጋዜጣው ሥዕሌን አወጣው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል፣ የኔታ ይህን አልሰሙም እያልኩ ነበር የማስበው። ቃሉን ልብ በይልኝ፤ አልሰሙም ነበር ያልኩት።

እንግዲህ ወደ ሞጣ። ዓርብ ስንደርስ የተቀበለን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ከማል ነው፤ የጅማ ሰው ነው፣ አዲሱን አዳራሽ ላይ ታች ብሎ ያሠራው እሱ ነው፣ ለምረቃው እኛን ያስጠራንም እሱ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ቢቸና ለሽማግሌዎቹ ጀርባህን ሰጠህ የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ወሬው በእግሩ ቀድሞን ደርሷል። የሞጣ ካህናትና ሽማግሌዎች እሑድ እንደማይመጡ ከወዲሁ እንደነገሩትና እነሱ ካልመጡ አዳራሹን ማን እንደሚመርቅለት እያሰበ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረኝ።

ቅዳሜ የጊዮርጊስ በዓል ነበር። ማኅሌቱ ሊያበቃ ሲል ደርሼ ከወንዶቹ ኋላ ቆምኩ። የኔታ ሸምግለዋል እማዬ፤ ቁመታቸው ግን ያው ነው። ወረቡን እየመሩ ነበር። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሰው እንዴት እንደሚመራ ማየት ነውና ዓይኔን ከሳቸው ላይ መንቀል አቃተኝ። ድሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚመሩት፤ ታስታውሻለሽ። አሁን አይጨፍኑም። የግራ መዳፋቸውን ከበሮው ላይ ያሳርፋሉ። ዓይናቸው ፊት ለፊት ከቆመው ከገብረ ኪዳን እጅ ላይ አይነሣም፤ ገብረ ኪዳን ያው ታላቁ ተማሪያቸው ነው። እሱ ጸናጽሉን ከፍ ካላደረገ የኔታ አይጀምሩም። ከፍ ሲያደርግ ግን ምንም ሳያዛንፉ ይገባሉ። ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ጸናጽሉን አየሁ።

ከበዓሉ በኋላ ከግቢው ጥግ በድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከኋላቸው ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ስለማመደው የኖርኩትን ሁሉ ረስቼ፣ «የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አልኩ። ዝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩ። ዝም። ሦስተኛውን ስል ድምፄ ተሰበረ። ያን ጊዜ አንቺን ሆንኩ። ነጠላ ቢኖረኝ አንሥቼ በሄድኩ ነበር። አልቅሼም ነበር፣ አልዋሽሽም። መውጫው በር በፊታቸው በኩል ነውና ቀና ሳልል ላልፍ ስል ቀና አሉ። አዩኝ። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀች። «መጣህ?» አሉ። «መቼ መጣህ? ምነው ድምፅህን አታሰማም?» አሉኝ።

እማዬ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጠን ብዙ ተጫወትን፤ ስናገር አፍ አፌን እያዩ። አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ለማንም እንዳልናገር፣ ላንቺ ደግሞ በተለይ እንዳልነግር በጊዮርጊስ አስማሉኝ። «አዝናልኝ እንድትመለስ አልፈልግም» አሉ። ስለዚህ የነገሩኝን አልነግርሽም። ያየሁትን ብቻ እየጻፍኩልሽ ነው፤ ባየሁት አላስማሉኝም።

ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ምን ያህል ሰው እንደምመራ ሲጠይቁኝ ሃያ አራት አልኳቸው። በምን እንደምመራቸው ሲጠይቁኝ ቀጭኗን ዘንጌን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። «ይቺ ስንደዶ!» ብለው በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። ነገ ይመጣሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ቢቸና ያደረግኸውን ነግረውኛል። ጀርባህን ለማየት አልመጣም። እሱን አሥራ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ» አሉኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያንቺን ቃል አመነዥክ ነበር፤ ከጀርባህ ምን ልይ ያልሽውን። ግቢው ስገባ ነው ነገሩ የበራልኝ፤ ሮጥኩ። ማኅሌት የሚቆመው እንዴት ነው? በቀኝና በግራ፣ ሁለት ረድፍ ሆነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው እንጂ! ኦርኬስትራ በማጭድ ቅርጽ ተቀምጦ ሕዝቡ ከመሪው ኋላ ይሁን ብሎ የደነገገ የትኛው ቀኖና ነው? ተጫዋቾቼን ሰበሰብኩና ቫዮሊኖቹ በቀኝ፣ ቼሎዎቹና ነፋሾቹ በግራ፣ ከአዳራሹ ደጅ ባለው ሜዳ ላይ በረጅሙ ፊት ለፊት ተቀመጡ አልኳቸው። በላይኛው ጫፍ የኔታና ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ በታችኛው ጫፍ እኔ፣ ፊቴን ወደነሱ አድርጌ። ከኔ ኋላ አንድም ፍጡር እንዳይቆም አቶ ከማል ገመድ ይወጥራል። ሌላው ሕዝብ ግራና ቀኝ ዳገቱ ላይ።

ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባለው የቫዮሊኖቹ አለቃ፣ ያ ቢቸና ጠላሽን ሲያወድስ የነበረው፣ «ይህን ቪየና ያሉት ቢያዩ ዲፕሎማህን ይነጥቁሃል» አለኝ። ጭቅጭቁ የዋዛ አልነበረም። ሁለቱ ረድፎች ስለተራራቁ አንዱ የሌላውን ድምፅ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ጆሯቸውን ካመኑ ይለያያሉ። «እንግዲያው ጆሯችሁን ተዉት፤ እጄን ብቻ እዩ» አልኳቸው። እጄ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ግልጽ መሆን ነበረበት። ያን ቀን እስኪመሽ ተለማመድን፤ ትከሻዬ የዛለው ያኔ ነው። ለገብረ ኪዳንም ለየኔታ የሚያደርስልኝ አንድ መልእክት ሰጠሁት፤ «ፊቴን አዙሬ እጠብቅዎታለሁ» የሚል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ካህናቱን አስከትለው፣ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ሲያዩ መጡ። አቶ ከማል እንደ ሙሽራ አባት ይሯሯጥ ነበር። እኔ በቦታዬ ቆሜ እጅ ስነሣ፣ በሁለቱ ረድፎች መሃል ባለው ባዶ ሜዳ በኩል ዓይን ለዓይን ተያየን። እጄን አነሣሁ።

እንዴት እንደተጫወቱ ብነግርሽ ስለ ራሴ ስናገር ይመስልብኛል፤ ይምሰል። ከተማርኩ ጀምሮ እንደዚያ የተጫወተልኝ የለም። ያን ሁሉ ነፍስ በሁለት እጄ ይዤ ወዲያና ወዲህ ስወስደው፣ አንድም ሳይንጠባጠብብኝ ነበር። የኔታ ተጫዋቾቹን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። መጀመሪያ መቋሚያቸው ዝም ብላ ቆማ ነበር። ከዚያ ጫፏ መነቃነቅ ጀመረች። ከዚያ ከእጄ ጋር አብራ ትወጣለች፣ አብራ ትወርዳለች። በጨዋታው መሃል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ የሚሉበት ቦታ አለ፤ ሦስት እስክቆጥር ምንም ድምፅ የለም። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፣ ካህናቱም ተታለው አጨበጨቡ፣ አቶ ከማል ሳይቀር። ያልተታለሉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የኔታ መቋሚያዋን ከኔ ዘንግ ጋር እያነሡ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው፣ ኦርኬስትራው ተመልሶ ሲነሣ ከኔ እኩል መሬቱን መቱ። ዙሪያው ሁሉ፣ «የመሪጌታ ጆሮ!» ብሎ አደነቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ መራሁ፤ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ነፋሾቹን በብዥታ ነበር የማያቸው።

ቀጥሎ ከአንድ ኦፔራ የተወሰደ ቁራጭ ነበር። ቃሉን እኔው ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ነፍስ አጥፍቶ ሞት የተፈረደበት ልጅ አለ፤ እናቱ ከዳኛው እግር ወድቃ በዜማ ትለምናለች፤ ዳኛው በዜማ እምቢ ይላል፤ ልጁ ይሞታል፣ ያልቃል። እናትየዋን የምትጫወተው ዘፋኛችን ሀብትነሽ ናት፣ ዳኛውን ስማቸው የሚባለው ባለ ወፍራም ድምፁ ልጅ። ሀብትነሽ ለሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ወድቃ ስማቸው እምቢ ሲል፣ ከዳገቱ ላይ አንድ ድምፅ፣ «ኧረ ማርላት አንተ!» አለ። ሳቅ የሚነሣ መስሎኝ ነበር፤ የሳቀ የለም። አያ ፋንታን ታውቂያቸዋለሽ፣ ነፍሰ ገዳይ ሲያስታርቁ የኖሩትን ገበሬ። ተነሡ፤ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሡ፤ አንገታቸው ላይ ተሸክመው በረድፎቹ መሃል ገብተው ስማቸው ፊት ቆሙ። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ስለዚች እናት ብለህ» አሉት።

ስማቸው ከኖታው ወጥቶ እኔን አየኝ። ኃይለ ጊዮርጊስ እኔን አየኝ። ሃያ አራቱም እኔን አዩኝ። ቪየና ይህን አላስተማሩኝም። ያለንበትን ድምፅ ሁሉም እንደያዙት እንዲቆዩ በግራ እጄ አሳየሁ፤ ያዙት፤ ነፋሾቹ ፊታቸው እስኪቀላ ያዙት። ድንጋይ ተሸክሞ የቆመን ሽማግሌ እምቢ ብሎ የሚመልስ ሞጣ ላይ አልተወለደም፤ እኔም እዚህ ነው ያደግኩት። ስማቸውን አየሁትና ራሴን ነቀነቅኩለት። ገባው። ያንን ወፍራም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ምሬዋለሁ!» ብሎ ዘመረ። እኔም እዚያው ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ የደስታ መዝጊያ አስነሣሁ። አያ ፋንታ ድንጋዩን አውርደው ዳኛውን ሳሙት። እልልታው ገደሉ ማዶ ተሰማ አሉ። የሌላ ሰው ሥራ መጨረሻውን ለወጥክ ብለው ሊቆጡኝ የሚችሉ መምህራን አሉኝ፤ ይቆጡ።

ያን ጊዜ የኔታ ተነሡ። «ልጄ ነው!» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ካህን እስኪደነግጡ ድረስ ነበር የጮኹት፤ ከሳቸው አፍ እንደዚያ ያለ ጩኸት ወጥቶ አያውቅም፣ የጮኹ መሆናቸውንም ያወቁ አልመሰለኝም። «ልጄ ነው! ይኸ የሚመራው ልጄ ነው!» አሉ ደግመው። እኔ በሁለቱ ረድፎች መሃል ሮጬ እግራቸው ላይ ስወድቅ ዘንጌን ረግጬ ሰበርኳት። ግድ የለም፤ ስንደዶ ናት ተብላለች።

በማግሥቱ ቤታቸው ምሳ ጠሩን። ለኃይለ ጊዮርጊስ፣ «በሁለተኛው ጨዋታ መግቢያ ላይ የግራዎቹ ቀስት ከልጄ እጅ ዘገየ» አሉት። እውነት ነው፤ ዘግይቷል፤ ከኛ በቀር ያወቀ አልነበረም። ኃይለ ጊዮርጊስ እሳቸው ዞር ብለው ጠላ ሲቀዱ፣ «ኧረ ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠዎት!» እያለ ደጋግሞ አመሰገናቸው። እሳቸው ጠላቸውን መቅዳት ቀጠሉ። ገብረ ኪዳን እኔን አየኝ፣ እኔም ገብረ ኪዳንን አየሁት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከዋንዛው ሥር ፊት ለፊት ተቀመጥንና ስለ አንቺ አነሣሁ። ለምን እንደሄድሽ ጠየቅኳቸው። «በልጇ ምክንያት ጠልታኝ ነዋ» አሉ። የለም አልኳቸው። እዚህ ተቀምጠው ሳለ ለምሳ ሦስት ጊዜ ጠርታዎት ዝም ስላሏት ነው አልኳቸው። አፌን እያዩ፣ «ጠራችኝ?» አሉ። «መቼ?» አሉ። ያን ቀን ነገርኳቸው። «ሦስት ጊዜ?» አሉ። አጎንብሰው መሬቱን በመቋሚያቸው ጫፍ ሲጭሩ ቆዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። የኔታ ሲያለቅሱ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከልጅነቴ ጀምሮ ያላልኩትን፣ «አባባ» አልኳቸው። አጎንብሰው ስለነበር አላዩኝም፤ እጃቸውን ይዤ ደግሜ አልኩት።

ስለዚህ እማዬ፣ ቤታችሁን ያፈረስኩት እኔ አልነበርኩም፤ አንቺም አይደለሽም፣ እሳቸውም አይደሉም። ማን እንደሆነ ምያለሁና አልጽፍልሽም። እስካሁን ካልገባሽ ደብዳቤውን ከጊዮርጊስ በዓል ጀምረሽ እንደገና አንብቢው።

ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው ገብረ ኪዳን በከረጢት አንድ ድንጋይ ይዟል። አያ ፋንታ ስማቸው ፊት የተሸከሙት ያው ድንጋይ ነው። የኔታ ትናንት ማታ ከትምህርት ቤቱ አስመጥተውት፣ «እኔ በአንገቴ ተሸክሜ ቢቸና ድረስ ብሄድ ወድጄ ነበር፤ መንገድ ላይ ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና እፈራለሁ። አንተ ውሰድልኝ» ብለው ነው ለገብረ ኪዳን የሰጡት። ከመኪና ምን እንደሚያስፈራቸው አንቺ ታውቂዋለሽ አሁን። ድንጋዩን ትመልሺው እንደሆነ ራስሽ ይዘሽው ነይ፤ በሰው አትላኪው።

ስለ እኔም አንድ ልጨምርልሽ፣ ደስ ይበልሽ። ትናንት ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶቡስ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከሰኔ ጀምሮ የኦርኬስትራው ዋና መሪ ሆኛለሁ፤ ለመስከረም ሙሉ ኦፔራ እመራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄአለሁ፤ ከኦርኬስትራው ማዶ፣ ፊቴን በሚያሳይ ቦታ፣ ሁለት ወንበር እንዲቀመጥልኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አንደኛው ወንበር ያንቺ ነው፤ ስስቅና ሳለቅስ ታውቂኛለሽ።

ሞጣ ስትመጪ በጓሮ በኩል አትግቢ። በዋንዛው ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ፊትሽን በሚያበራበት በኩል ግቢ። ስትናገሪ ነጠላሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ። ከኋላቸው ሆነሽ ምንም አትበያቸው፤ መልስ ባይሰጡሽም አትቀየሚ። ምሳ ሲቀርብ ከደጃፉ አትጥሪያቸው። ሄደሽ እጃቸውን ያዢያቸው።

የሞጣው ጊዮርጊስ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እናንተን ሁለታችሁን በአንድ ማዕድ ያሳየኝ። አሜን በይ።

እዚሁ ሞጣ ፊቱን ወደ ቢቸና መንገድ አድርጎ የሚጠብቅሽ

ልጅሽ